ለድራይ ሱት የውስጥ ልብስ ስፈልግ የእማዬ ባና ትዝ አለኝ

ሰላም ወገን፣ እኔ የደሴ ልጅ ነኝ፣ አሁን ኖርዌይ ነው ምኖረው። ዋና የለመድኩት ሐይቅ ላይ ነው፣ ውሃ አልፈራም፣ እና የስራ ጓደኞቼ ዳይቪንግ (አየር ተሸክሞ ባሕር ስር መውረድ) ሲሉኝ ወዲያው እሺ አልኩ። ክረምት ላይ እዚ ባሕሩ 5 ዲግሪ ምናምን ስለሆነ ሚለበሰው ድራይ ሱት ነው፣ ውሃ ማያስገባ ሙሉ ልብስ። እኔ ሱቱ ራሱ ሚያሞቅ መስሎኝ ከስር የጥጥ ቱታና ሁለት ቲሸርት ደርቤ ገባሁ።

20 ደቂቃ ሳይሞላ ጣቶቼ አልታዘዝ አሉኝ። ቲሸርቱ ገና ዕቃ ስንሸከም በላብ ርሶ ነበር፣ በዛ ላይ የግራ እጅጌዬ ጫፍ አንጓዬ ላይ ካለው ላስቲክ ስር ገብቶ ቀርቶ ውሃውን ልክ እንደ ኩራዝ ክር እየሳበ ክርኔ ድረስ አድርሶታል። ስወጣ ጥርሴ እየተንገጫገጨ ማውራት አቃተኝ። ለዳይቪንግ ተብሎ ሚሸጠውን የውስጥ ልብስ ዋጋ ሳይ ደግሞ በወር ለቤት ከምልከው ይበልጣል፣ ትቼው ወጣሁ።

ማታ ለእማዬ ደወልኩ። የሌጋምቦ ልጅ ናት፣ ብርድ ታውቃለች። «ጥጥ ለብሰህ ነው እንዴ የገባኸው? ጋቢ ከረጠበ ምን ይረባል ልጄዋ፣ እረኛው ዝናቡን ሚችለው በባና አይደል?» አለችኝ። ወላሂ ስልኩን እንደያዝኩ ዝም አልኩ። ባና ከበግ ጸጉር ሚሰራ ወፍራም ልብስ ነው፣ ነገሩ እሱ ነው በቃ። ሚያሞቀን በክሮቹ መሃል የተያዘው አየር ነው፣ ውሃ ደግሞ ሙቀትን ከአየር 25 እጥፍ ገደማ ፈጥኖ ይወስዳል፣ ጥጥ ሲረጥብ ያ አየር ይጠፋል፣ ሱፍ ግን ረጥቦም ቢሆን ያሞቃል።

ከዛ ያገለገለ ዕቃ መሸጫ ሄጄ ስስ የሜሪኖ ሱፍ ከላይም ከታችም ገዛሁ፣ ከቆዳ ጋር ሚገናኘው ላይ አትሰስቱ። ከሱ በላይ ተራ ፍሊስ (ያ ለስላሳ ሰው ሰራሽ ሹራብ) ይበቃል፣ ንፋስ ያስገባል ተብሎ ሚናቀው ርካሹ ራሱ፣ ሱቱ ውስጥ ንፋስ የለማ! ግን አርጅቶ ብናኝ ሚያራግፍ ከሆነ ተዉት፣ ብናኙ አየር መልቀቂያው ቫልቭ ላይ ይሰካል። ብር ከተረፈ ሰደርያ ጨምሩ፣ ደረት ከሞቀ እጅም ይሻለዋል። ስትለኩ ቁጢጥ በሉ፣ እጃችሁን ጀርባችሁ ላይ አድርሱ፣ ሚያጣብቅ ከሆነ አየሩ ተጨፍልቆ ይወጣል፣ በጣም ወፍራም ከሆነ ደሞ ለመስመጥ ብዙ የእርሳስ ብረት ክብደት መታጠቅ ሊኖርባችሁ ነው። ልብስ በቀየራችሁ ቁጥር ምትታጠቁትን ክብደት ጥልቀት የሌለው ውሃ ላይ ሞክሩ፣ ይሄን በጣም ነው ምለምናችሁ።

እማዬ ደግሞ የበግ ጸጉር ፈትላ በኪሮሽ የሰራችውን ካልሲ በሰው ላከችልኝ። መጀመሪያ በሌላ ካልሲ ላይ ደረብኩት፣ ቦቱ ጠበበኝና እግሬ ባሰበት፣ ብቻውን ሳደርገው ነው የሞቀኝ። ባለፈው እሁድ 35 ደቂቃ ቆይቼ ወጣሁና መኪና ውስጥ ሆኜ ደወልኩላት።

«እግርህስ?»

«ሞቆኛል እማዬ፣ አብሽሪ።»

«አልሐምዱሊላህ። ያ አብሮህ ሚወርደው ልጅስ፣ እግሩ ስንት ቁጥር ነው?»