ፍርሃቱ ቀድሞ ለቀቀ፣ ማዞሩ ተከተለ

እግዚአብሔር ይመስገን! እኛ ሐዋሳ ውስጥ በአንድ አጥቢያ የጸሎት አገልግሎት ላይ ያለን፣ በሙያችን ነርሶችና የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች ነን። ጌታ በዓይናችን ፊት ስላደረገው ነገር እንመሰክራለን። ለወራት፣ አንዳንዶቹም ለዓመታት፣ ጠዋት ከአልጋ ከተነሱበት ሰዓት እስከ ማታ ራሳቸውን ሲያዞራቸው የኖሩ፣ ምርመራቸው ሁሉ “ምንም የለም” ተብሎ የተመለሰ ሰዎች ዛሬ ያለ ድጋፍ ቆመው ያመልካሉ። ግን “ጸለይን፣ ተፈወሱ” ብለን ብናበቃ ዛሬም በዚያው ውስጥ ላለ ወገን ምንም አልሰጠነውም። ስለዚህ መልሱ በየት በየት እንደመጣ እንናገራለን።

ሰው ወደ ጸሎት ሲመጣ የሚለምነው “ማዞሩን አንሣልኝ” ብሎ ነው። እኛ ያየነው መልስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቅደም ተከተሉ ሌላ ነው። መጀመሪያ ፍርሃቱ ይለቃል፣ ከዚያ ትንፋሹ ይረጋጋል፣ ማጅራቱ ይላላል፤ ማዞሩ የሚሄደው መጨረሻ ላይ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው በሁለተኛው ሳምንት “ጌታ አልሰማኝም” ብሎ ይተወዋል። ሲሰማው ቆይቷል እኮ!

ይህ ማዞር ቤቱ ዙሪያውን የሚሽከረከርበት ዓይነት አይደለም። ታማሚዎቹ “ታንኳ ላይ የቆምኩ ይመስለኛል” ይላሉ። ሲተኙ ይሻላቸዋል፣ ሲቆሙና ሲራመዱ ይብሳል። ባጃጅ ከግራ ከቀኝ የሚመላለስበት መንገድ፣ የገበያ ግርግር፣ ዝንጉርጉር ምንጣፍ፣ ስልክ ላይ ቶሎ ቶሎ የሚያልፍ ምስል ያባብሰዋል። በእንግሊዝኛ ምህጻሩ PPPD ይባላል። በ2017 እ.ኤ.አ. የሚዛን ሐኪሞች ዓለም አቀፍ ማኅበር መለያውን ሲያወጣ፣ በአብዛኞቹ ቀናት የሚሰማና 3 ወር ወይም ከዚያ በላይ የቆየ መሆን እንዳለበት አስቀምጧል። ስለዚህ ስምና መለያ ያለው፣ የታወቀ ሕመም ነው። “እያሰብሽው ነው እንጂ ምንም የለብሽም” የተባለች እህት ይህን ብትሰማ ግማሽ ሸክሟ ይወርዳል።

ነገሩ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከእውነተኛ ሕመም ነው። የውስጥ ጆሮ ሕመም፣ ራስን መሳት፣ ወይም በድንገት የመጣ ብርቱ ድንጋጤ ሊሆን ይችላል። መነሻው ያልፋል፣ አካሉ ግን ከተጠንቀቅ አይወርድም። ሚዛናችንን የምንጠብቀው በውስጥ ጆሮ፣ በዓይን፣ በእግርና በአንገት ጡንቻዎች መልእክት ነው። የፈራ ሰው እንዳይወድቅ ብሎ አንገቱን ያደርቃል፣ እግሩን ያጠነክራል፣ ዓይኑን መሬት ላይ ይተክላል። አንገት ሲደርቅ ወደ አንጎል የሚሄደው መልእክት ይዛባል። ዓይን ብቻውን ሚዛን ሲሸከም ደግሞ ከፊት የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ያናውጣል። በዚያ ላይ ጭንቀት ትንፋሽን ያፋጥናል። ትንፋሽ ሲፈጥን በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፣ ወደ አንጎል የሚወስዱት የደም ሥሮች ይጠባሉ፣ ራስ ይቀላል፣ ከንፈርና የጣት ጫፍ ይነዝራል። ያ ሰውየውን የባሰ ያስፈራዋል፤ ፍርሃቱም ትንፋሹን መልሶ ያፋጥነዋል።

አንዲት እህት እንድንጠቅሳት ፈቅዳልናለች። ልብስ ሰፊ ናት፣ ቀኑን ሙሉ አንገቷን ደፍታ ማሽን ላይ ትውላለች። ለጸሎት ስትመጣ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የፊተኛውን ወንበር በአንድ እጇ ጨብጣ ነበር። ትከሻዎቿ ወደ ጆሮዋ ወጥተዋል፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የአንገትጌዋ ቁልፍ ወደ ላይ ይነሣ ነበር። ሳንነግራት ስንቆጥር በደቂቃ 24 ጊዜ ተነፈሰች። ያረፈ አዋቂ ከ12 እስከ 20 ነው። “ጥርስሽን አላቅቂው፣ ምላስሽን አሳርፊው” ስንላት ጥርሷን ነክሳ መዋሏን ያኔ አወቀች። አስቀምጠናት፣ እግሯን መሬት አስረግጠን፣ ዓይኗን ገልጣ የመስኮቱን ጠርዝ እያየች በዝግታ ጸለይን። በዚያ ምሽት ማዞሩ አልሄደም። ወንበሩን ግን ለቀቀችው። ለእኛ የመልሱ መጀመሪያ ያ የተፈታ እጅ ነበር። ማሽኗ ፊት ያለ ፍርሃት ለመዋል ወራት ፈጅቶባታል፣ ዛሬ ግን ትውላለች፣ ክብር ለጌታ ይሁን።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ከሁሉ በፊት ምርመራ ይቅደም። ደም ማነስ፣ ስኳርና የደም ግፊት ይታይ። ግፊቱ አንድ ጊዜ ተቀምጦ መለካቱ አይበቃም፤ 5 ደቂቃ ተኝቶ መለካት፣ ከዚያ ቆሞ በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ መለካት ነው። ሲቆሙ የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ መንገዱ ሌላ ነው። አልጋ ላይ ሲገላበጡ ብቻ የሚመጣ፣ ከአንድ ደቂቃ በታች የሚቆይ ሽክርክሪት ከሆነ በውስጥ ጆሮ ያሉ ጥቃቅን ጠጠሮች ቦታ ስተው ሊሆን ይችላል፤ ያንን የሠለጠነ ባለሙያ ጭንቅላትን ደረጃ በደረጃ በማዞር ብዙ ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀጠሮ ያስተካክለዋል። ማዞሩ በድንገት መጥቶ አንደበት ከተሳሰረ፣ ፊት ከተጣመመ፣ እጅ ወይም እግር ከደከመ፣ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየ፣ ጨርሶ መቆም ካቃተ፣ ከባድ ራስ ምታት ወይም የደረት ሕመም ካለ፣ አንድ ጆሮ በድንገት መስማት ካቆመ ጸሎቱ መንገድ ላይ ይሁን፤ ቀጥታ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነው የሚኬደው።

ከዚያ ትንፋሽ። አንድ እጅ ሆድ ላይ፣ አንድ እጅ ደረት ላይ። በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠሩ መሳብ፣ እስከ 6 እየቆጠሩ ማውጣት፤ የሚነሣው የሆዱ እጅ ነው፣ የደረቱ ይረፍ። ለ5 ደቂቃ፣ በቀን ሁለቴ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው “በደንብ ተንፍስ” ሲባል ደረቱን ሞልቶ ትልቅ አየር በመሳቡ ነው። ይህ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን የበለጠ ያወርደውና ማዞሩ ይብሳል፣ ከዚያ “ትንፋሹም አልሠራልኝም” ይላል። ትንፋሹ ትንሽ፣ ለስላሳና ድምፅ የሌለው ይሁን፤ የሚረዝመው መውጫው ነው። ደግሞ ሲጨንቅ ብቻ ሳይሆን ደኅና በሆኑበት ሰዓት ይለማመዱት፤ አካል በሰላም ጊዜ ያልተማረውን በድንጋጤ ጊዜ አያገኘውም። በመውጫው ላይ “ጌታ ሆይ፣ በእጅህ ነኝ” ማለት ቆጠራውን ይሞላል፣ ልብንም ያሳርፋል።

አንገቱን በተመለከተ፣ ሙቅ ፎጣ ማጅራትና ትከሻ ላይ 15 ደቂቃ። ቀጥሎ ሁለቱን ትከሻ ወደ ጆሮ ማንሣት፣ 5 ሰከንድ አጥብቆ መያዝ፣ በአንዴ መልቀቅና 10 ሰከንድ ማረፍ፤ ይህ 5 ጊዜ። ከዚያ ቀኝ ጆሮን ወደ ቀኝ ትከሻ ማዘንበል፣ ሳይጎትቱ 20 ሰከንድ መቆየት፣ በግራም እንዲሁ፣ ሦስት ሦስት ጊዜ። በመጨረሻ አገጭን ወደ ኋላ በቀጥታ መግፋት፣ 5 ሰከንድ፣ 10 ጊዜ። ሰው ይህን ሲሠራ ትንፋሹን ይይዛል፣ እሱን ይጠንቀቅ። አንገት ማስጠምዘዝና ማንቋት ግን ይቅር። ወጌሻዎቻችን ለብዙ ነገር እጃቸው የተባረከ ነው፤ አንገትን በድንገት ማዞር ግን አልፎ አልፎ ወደ አንጎል የሚሄደውን የደም ሥር ሊሰነጥቅ ይችላል። መስፊያ ላይም ሆነ ኮምፒውተር ፊት የሚውል ሰው በየ30 ደቂቃው ቀና ይበል፣ ሥራውን ወደ ዓይኑ ከፍ ያድርግ።

ዓይንና ጭንቅላትን መልሶ ማግባባት ደግሞ ይህን ይመስላል። አውራ ጣትን ክንድ በዘረጉበት ርቀት ማቆም፣ ዓይንን ከጥፍሩ ሳይነቅሉ ጭንቅላትን ቀኝና ግራ ማንቀሳቀስ፤ ሲጀመር 30 ሰከንድ፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ መጀመሪያ ተቀምጦ፣ ሲለምድ ቆሞ። ማዞሩ ትንሽ ይነሣል፤ ያ ልምምዱ እየሠራ ነው ማለት ነው። ጥንካሬው ከ10 ውስጥ 3 ወይም 4 ያህል ሆኖ ቢነሣና በ15 ወይም በ20 ደቂቃ ቢመለስ መጠኑ ልክ ነው። እስከ ማታ ከቆየ በማግሥቱ ግማሹን ይሥሩ እንጂ አይተዉት።

መራመድን በተመለከተ ሐዋሳ ላይ ያለን ሰዎች ጌታ ሰፊ ስፍራ ሰጥቶናል። ፍቅር ሐይቅ ዳር ያለው መንገድ ሜዳ ነው፣ ጥላ አለው፣ ማለዳ ላይ ሰው አይበዛበትም። በ10 ደቂቃ ይጀመር፣ በየጥቂት ቀኑ 2 ደቂቃ ይጨመር። ሐይቁን ማየት ያሳርፋል ብለው ዓይናቸውን ሞገዱ ላይ የሚተክሉ አሉ፤ የሚንቀሳቀስ ውሃ ግን እንደ ገበያ ግርግር ያናውጣል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዛፎቹን ወይም በሩቅ ያለውን የታቦር ተራራ ይዩ፣ ውሃው በኋላ ይጨመር፣ አሞራ ገደል ያለው የዓሣ ገበያ ግርግር ደግሞ ከዚያም በኋላ። አጃቢ ይኑር፣ ግን ክንዱን መያዝ ይቅር። የተያዘ ክንድ አንጎልን “ብቻህን ትወድቃለህ” እያለ ያስተምረዋልና። ከዚህ ጋር አንድ ከባድ ልማድ አለ፤ ጠዋት ሲነቁ “ዛሬስ አለ?” ብሎ ራስን መፈተሽ። የፈለገ ያገኘዋል። በዚያ ሰዓት ምስጋና ይቅደም፣ እግር መሬት ይርገጥ፣ ቁርስ ይቀራረብ።

ስለ ጸሎቱ ለአገልጋዮችም የምንለው አለን፣ በፍቅር ስሙን። የሚያዞረውን ሰው ዓይኑን ጨፍኖ፣ ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ ለረጅም ጊዜ እንዲቆም ማድረግ ሚዛኑን የሚደግፍለትን ዓይን መንጠቅና የደረቀ አንገቱን መጭመቅ ነው። በጩኸትና በፈጣን ትንፋሽ ብዙ ሲጸልይ ከንፈሩ ቢነዝርና ጣቱ ቢደርቅ መጀመሪያ ትንፋሹን እዩ፤ አስቀምጡት፣ ያረጋጋ። ግንባሩን አትግፉ። “ምን ኃጢአት አለብህ?” ብላችሁ በፍርሃቱ ላይ ፍርሃት አትጨምሩ። ኤልያስ ከክትክታው ዛፍ ሥር ሞትን ሲለምን መልአኩ አስቀድሞ ያመጣለት እንጎቻና ውሃ ነበር፤ በልቶ ተኛ፣ ደግሞም በላ። ጾም የያዘ ታማሚ ሐኪሙን ያማክር፣ ውሃ አይተው። ቡና ከአቦል እስከ በረካ የሚጠጣ ሰው ወደ አንድ ስኒ ይውረድ፣ ግን ቀስ በቀስ፣ በአንዴ ሲቆም ራስ ምታት ያመጣልና። ጫት ልብን ያፋጥናል፣ እንቅልፍ ይነሣል፤ እሱ ጨርሶ ይቅር።

መድኃኒት መዋጥ እምነት ማጣት አይደለም። ሲናሪዚንና የመሳሰሉት ለአጣዳፊ ሽክርክሪት ለጥቂት ቀናት ይረዳሉ፤ ለወራት ሲወሰዱ ግን አንጎል ሚዛኑን መልሶ እንዳይማር ያዘገያሉ፣ ያንቀላፋሉም። ለዚህ ሕመም ሐኪም የሚያዝዛቸው እንደ ሰርትራሊን ያሉት ናቸው። በትንሽ መጠን ይጀመራሉ። በመጀመሪያዎቹ አንድና ሁለት ሳምንታት ማቅለሽለሽና መረበሽ ሊጨምሩ ይችላሉ፣ ብዙዎች የሚያቆሙትም በዚያ ሰዓት ነው። ጥቅሙ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ፣ ለዚህ ማዞር ብዙ ጊዜ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ከተሻላቸው በኋላም በራሳቸው ፈቃድ በድንገት የሚያቆሙ አሉ፤ ድንገት ማቆሙ ራሱ ያዞራልና “ሕመሙ ተመለሰ” ብለው ይደነግጣሉ። የሚቀነሰው በሐኪም ነው፣ ቀስ እያለ።

ከተሻለ በኋላ ወባ፣ ጉንፋን፣ የለቅሶ ሌሊት ወይም የእንቅልፍ እጦት ማዞሩን ለጥቂት ቀናት ሊመልሰው ይችላል። ያኔ መልሶ መጀመሪያ አይሆንም፤ ትኩሳት ካለ ደም ይመርመሩ፣ ትንፋሹን በቀን ሁለቴ ይቀጥሉ፣ የእግር ጉዞውን ወደ 10 ደቂቃ አውርደው መልሰው ይጨምሩ። የሚጸልይላችሁን ወንድም ወይም እህት በዚያው ቀን ጥሩ፣ ብቻችሁን አልጋ ይዛችሁ አትዋሉ።