ለወገኑ የራራ መሪ፦ የዓድዋ በዓል መልእክት

ውድ ወዳጆቼ፣ በአገር ውስጥም በባሕር ማዶም ያላችሁ ሁሉ፣ እንኳን ለ130ኛው የዓድዋ ድል በዓል በሰላም አደረሳችሁ፣ አደረሰን። በዓሉ በጾም ላይ ቢውልም፣ ገበታችንም ሽሮና ተልባ ቢሆንም፣ የካቲት 23 ቀን ሌሊት የጊዮርጊስን ደወል ሰምቶ ልቡ የማይሞቅ ያገሬ ሰው ያለ አይመስለኝም። ዛሬ ጠዋት የሠፈራችን ልጆች ጎፈር አስመስለው የሠሩትን የበግ ቆዳ አጥልቀው፣ ዱላቸውን እንደ ጦር ይዘው ሲፎክሩ አይቼ ደስ ብሎኛል፤ ለእናንተም ደስታቸው ይድረሳችሁ።

በሌላ ዓመት ቢሆን እኔም መልእክቴን በፉከራ እጀምረው ነበር። ዘንድሮ ግን ዓድዋን ያስተማሩኝ መምህሬ በታኅሣሥ ወር ስላረፉ፣ ስለ መሪዎቻችን የምጽፈው ሁሉ ወደ እርሳቸው እየሄደብኝ ተቸግሬአለሁ። በሕይወት እያሉ ስማቸው በአደባባይ ሲጠራ ስለማይወዱ ዛሬም አልጠራውም፤ ለእኛ ለተማሪዎቻቸው ሁልጊዜም «ጋሼ» ብቻ ነበሩ፣ ደብረ ማርቆስ የተማረ ሰው ደግሞ ጋሼ ስል ማንን እንደምል ያውቃል።

ጋሼ ሰሌዳ ላይ ብዙ አይጽፉም ነበር። ዓድዋን የሚያስተምሩ ቀን ከክፍል አውጥተው ባሕር ዛፉ ሥር ያቆሙንና በከዘራቸው ጫፍ ተራሮቹን መሬት ላይ ይሥላሉ፤ ከኮት ኪሳቸውም ጠጠር እያወጡ የየጦሩን ቦታ ያሳያሉ። ይህ ራስ መኮንን፣ ይህ ራስ መንገሻ፣ ይህ ራስ አሉላ፣ ይህቺ ነጣ ያለችው እቴጌ ጣይቱ። የጎጃሙን ንጉሥ የተክለ ሃይማኖትን ጠጠር የሚያስቀምጡት በመጨረሻ ነበር፤ ካስቀመጧትም በኋላ ጥቂት ዝም ይሉና፣ «ይህቺ ጠጠር እዚህ ምን ትሠራለች? ማን ይነግረኛል?» ብለው ይጠይቁናል። ጥያቄው ግራ ያጋባን ነበር፤ እኛ የጎጃም ልጆች የምንደነቀው ንጉሣችን ዓድዋ ላይ ባይገኙ ነበርና። መልሱን ለማግኘት ከዓድዋ በፊት ወደ እምባቦ መሄድ እንደሚያስፈልግ የተረዳነው ከእርሳቸው ነው።

ራስ አዳል ተሰማ በ1873 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ እጅ የጎጃምና የከፋ ንጉሥ ሆነው ሲነግሡ ተክለ ሃይማኖት ተባሉ፤ ያን ጊዜ መንቆረር የምትባለውን ደብረ ማርቆስንም መናገሻቸው አደረጉ። ከዓባይ ማዶ ያለውን ሀብታም አገር ግን የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም ይፈልጉት ስለነበር፣ ሁለቱ ንጉሦች በ1874 ዓ.ም. ግንቦት ሊያልቅ ሲል እምባቦ ላይ ተዋጉ። የጎጃም ጦር ተሸነፈ፣ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም ቆስለው ተማረኩ። ምኒልክ ያንን ቁስለኛ ምርኮኛ አዋርደው አገር ለአገር ቢያዞሩት በዚያ ሰዓት የሚከለክላቸው ማንም አልነበረም። እርሳቸው ግን ቁስላቸውን አሳከሙ፣ በንጉሥነት ክብራቸውም ያዟቸው። ዐፄ ዮሐንስ ያለ ፈቃድ በመዋጋታቸው ሁለቱንም ተቆጥተው ከሁለቱም ላይ ግዛት ቀነሱ፤ ተክለ ሃይማኖትም ወደ አገራቸው ተመለሱ።

ከእምባቦ በኋላ በጎጃም ላይ የወረደውን መከራ የአገሬ ሰው ከአያቶቹ ሰምቶታል። በ1880 ዓ.ም. ተክለ ሃይማኖት ሣር ውኃ ላይ ከሱዳን በመጣው በድርቡሽ ጦር ተሸንፈው ልጆቻቸው ተማረኩባቸው፣ ጎንደርም ተቃጠለች። በማግስቱ ዓመት ከዐፄ ዮሐንስ ጋር ተጣልተው ጎጃም በራሱ ንጉሠ ነገሥት ጦር ተመዘበረ፤ ክፉ ቀን የተባለው ረሃብም በዚያው ላይ ተጨመረ። እንዲህ የደቀቀ አገር ንጉሥ በ1888 ዓ.ም. የምኒልክ የክተት አዋጅ ሲደርሳቸው «ከብቴም አልቋል፣ ሰውም የለኝም» ቢሉ ማን ይፈርድባቸዋል? ደግሞስ የጠራቸው ሰው እምባቦ ላይ የማረካቸው ያው ሰው አልነበረም? ተክለ ሃይማኖት ግን የጎጃምን ጦር ይዘው ዓድዋ ድረስ ዘመቱ፤ ከማረካቸውም ሰው ጎን ተሰለፉ።

እኔ ከመሪዎቻችን ታሪክ ሁሉ ይህንን አስበልጣለሁ። ያሸነፈ ሰው ሲምር የሚያጣው ነገር ትንሽ ነው፤ ተሸንፎና ቆስሎ የነበረ ሰው ግን የቂም ሰበብ በእጁ እያለ ከትናንት ባላንጣው ጋር ለአንድ አገር ሲቆም፣ ያ ልብ ከየት እንደሚገኝ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል። ከዚያው ጋር ግን፣ ያ ቁስል እምባቦ ላይ ባይታከም ኖሮ የጎጃም ጦር ዓድዋ ላይ መገኘቱን እጠራጠራለሁ። ምኒልክ በ1874 ዓ.ም. ለአንድ ቁስለኛ ያደረጉት እንክብካቤ ከ14 ዓመት በኋላ ሠራዊት ሆኖ ተመለሰላቸው።

የምኒልክን የክተት አዋጅ ሁላችሁም በቃላችሁ ስለምታውቁት አልደግመውም። ሁላችንም የምንፎክርበት «ጉልበት ያለህ በጉልበትህ እርዳኝ» የሚለው ላይ ነው፤ ጋሼ ግን ከዚያ ቀጥሎ ያለውን አስምሩበት ይሉን ነበር፦ ጉልበት የሌለህ ለልጅህ፣ ለምሽትህ፣ ለሃይማኖትህ ስትል በሐዘን እርዳኝ። መዝመት የማይችለውን ሽማግሌ፣ ሕመምተኛውን፣ አራሷን ሁሉ በሐዘናቸው የዘመቻው ተካፋይ ያደረገ፣ ማንንም ትርፍ ነህ ያላለ መሪ ነው እንዲህ የሚናገረው። ጋሼ በመጨረሻ ሕመማቸው ወቅት፣ መነሣት ሲያቅታቸው፣ ይህንን ቃል ደጋግመው ሲያነሡት ሰምቻለሁ።

ጋሼ የወደዱትን መሪ እንከን ከልጆች አይደብቁም ነበር፤ እኔም በበዓል ቀን ልደብቀው አልፈልግም። በጥር 1888 ዓ.ም. መቀሌ እንዳ ኢየሱስ ላይ መሽጎ የነበረው የጣሊያን ጦር በእቴጌ ጣይቱ ምክር ውኃ ተይዞበት እጁን ሲሰጥ፣ ምኒልክ ወደ ወገኖቹ እንዲሄድ ፈቀዱለት። ዓድዋ ላይ የተማረኩት ጣሊያኖችም እስከ አዲስ አበባ ተወስደው በኋላ በሰላም አገራቸው ገቡ። ለጣሊያን የተዋጉት የመረብ ማዶ፣ የኤርትራ ልጆች ግን፣ ቋንቋቸው ቋንቋችን፣ ጸሎታቸው ጸሎታችን የነበሩት፣ ከዳተኛ ተብለው ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆረጠ። ለባዕዱ የተገኘው ምሕረት ለወገን ሳይገኝ ቀረ። ጋሼ ይህን ሲያስተምሩ ድምፃቸው ይቀንስ ነበር። ማንኛውንም መሪ የሚለኩበትም ጥያቄ ከዚያ የመጣ ይመስለኛል፦ «ወንድሙ እጁ ላይ ሲወድቅ ምን አደረገ?»

ጥያቄው ለእኛ ለጎጃሞች ከሌላው ሰው ይበልጥ የሚመረን በአርበኛው በበላይ ዘለቀ ምክንያት ነው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በጥር 1933 ዓ.ም. ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ተክለው፣ ጎጃምን አቋርጠው፣ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ሲገቡ፣ ክፉን በክፉ አትመልሱ ብለው ለሕዝቡ የተናገሩት ቃል የታላቅ መሪ ቃል ነው፤ አምስት ዓመት ሙሉ በግፍ የደማ ሕዝብ የጣሊያንን ሴትና ሕፃን እንዳይነካ ያደረገ ቃል ነውና አከብረዋለሁ። ከጣሊያን ጋር አብረው የቆዩትን የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ልጅ ራስ ኃይሉንም በሞት አልቀጧቸውም፤ በቁም እስር አቆዩአቸው። በላይ ዘለቀ ግን አምስቱን ዓመት ለጠላት ሳይገብር ተዋግቶ፣ ቢቸናንና አካባቢዋን አስከብሮ፣ በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ።

በላይን አምልኬ አልጽፍም። ከድል በኋላ የተሰጠው ሹመት አንሶበት፣ ከበላዮቹ ጋር ተጣልቶ፣ በመንግሥት ጦር ላይ ተኩሷል፤ ታስሮም ከእስር አምልጧል። ያም ሆኖ ለተከታዮቹ የማዕረግ ስም ሲያድል ለራሱ እናቱ ያወጣችለት ስም እንደሚበቃው ተናገረ የሚባለው ሰው፣ ሠራዊቱን ያለ ደመወዝና ያለ መሣሪያ ግምጃ ቤት አምስት ዓመት አንድ አድርጎ ያቆየ ሰው፣ ከገመድ የሚያድነው ሽማግሌ ማጣቱን እስከ ዛሬ መቀበል አልቻልኩም። ሽማግሌ ጠፍቶ አይደለም። የሚሰማ ጆሮ ጠፍቶ ነው። ስሙ ዛሬ በባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ተጽፏል፤ እርሱ ግን ያስፈለገው በዚያች ጠዋት የሚራራለት አንድ ሰው ነበር።

ይህንን ሁሉ በዘንድሮው ዓመት ለምን እንደማነሣ ጎጃም ያላችሁት ታውቁታላችሁ። ጋሼ ትምህርት ቤት ሲዘጋ የጎረቤት ልጆችን ግቢያቸው ሰብስበው፣ እንደ ጥንቱ በከዘራና በጠጠር ያስተምሩ ነበር። ሲታመሙ መንገድ ተዘግቶ ስለነበር መድኃኒቱ በጊዜ አልደረሰም። ሲያርፉም ኑዛዜያቸው በትውልድ ደብራቸው እንዲቀበሩ ነበርና፣ መኪና ስላልተገኘ የሠፈሩ ጎልማሶች በቃሬዛ ተሸክመዋቸው ተጓዝን።

ከከተማው መውጫ ላይ ወታደሮች አስቆሙን። ከመካከላቸው አንዱ ቀረብ ብሎ ነጠላውን ገለጥ አደረገና፣ «ጋሼ ናቸው?» ብሎ ጠየቀ፤ ከዚያም ቆቡን አውልቆ ገመዱን ራሱ አወረደልን። ብዙ ከተጓዝን በኋላ ደግሞ ከዳገቱ ሥር ሌሎች ታጣቂዎች፣ የወታደሮቹ ባላንጣዎች፣ መንገድ ላይ ጠበቁን። ከእነርሱም አንድ ጎልማሳ ያንኑ ጥያቄ በዚያው ቃል ጠየቀ፤ መሣሪያውን ለጓደኛው ሰጥቶ፣ ከደከሙት ተሸካሚዎች አንዱን ተክቶ፣ ዳገቱ እስኪያልቅ ድረስ ተሸከማቸው። ሁለቱም የጋሼ ተማሪዎች ነበሩ። ሁለቱም ባሕር ዛፉ ሥር ቆመው ያቺን ጠጠር አይተዋታል።

እናንተ ሁለታችሁ፣ ስማችሁን አልጠየቅሁም፣ ይህ መልእክት ይድረሳችሁም አይድረሳችሁም አላውቅም፤ እንኳን አደረሳችሁ። ለዚያች ቀን ስላደረጋችሁት ነገር ከልቤ አመሰግናችኋለሁ። አንዳችሁ በሌላችሁ እጅ ላይ ብትወድቁ እምባቦን አስቡ፤ እኔ ለእናንተ የምመኘው የበዓል ምኞት ይኸው ነው። ከእናንተ በላይ ሆናችሁ የምታዝዙ፣ በሁለቱም ወገን ያላችሁ፣ እናንተም እንኳን አደረሳችሁ። ዛሬ በየአደባባዩ የአበባ ጉንጉን ስታስቀምጡና ስለ ዓድዋ ስትናገሩ፣ ያ ሠራዊት ከጥቂት ዓመታት በፊት እርስ በርሱ የተዋጋ ሰው ስብስብ እንደነበረ አትርሱ። ሽማግሌ ስሙ። መንገዱን ክፈቱ፤ የታመመ ሰው ሐኪም ቤት ይድረስ፣ ልጆቹም ክፍላቸው ይግቡ።

ላመሰግናቸው የሚገቡኝ ሌሎችም አሉ። በራፋቸውን ሳይዘጉ ጋሼን እንደ ገዛ ወንድማቸው ያስታመሙት ጎረቤታችን እትዬ፣ ከራስዎ ልጆች ጉሮሮ ቀንሰው ያመጡትን አጥሚት ጋሼ እስከ መጨረሻው ያነሡት ነበር፤ ዕድሜ ይስጥልኝ። ተረኛ ሳትሆኚ ሌሊት ሌሊት እየመጣሽ ደም ግፊታቸውን የለካሽላቸው እህቴ ነርስ፣ ውለታሽን አልረሳውም። የእድራችን ሰዎች፣ ድንኳኑን በዚያ ዝናብና ብርድ ስታቆሙ ያየሁትን ድካም እግዚአብሔር ይቁጠርላችሁ። ከውጭ አገር ለተዝካራቸው ገንዘብ አዋጥታችሁ የላካችሁ የቀድሞ ተማሪዎቻቸው፣ ከገንዘቡ ተርፎ ደብተርና እርሳስ ተገዝቶበታል፤ ቢሰሙ ደስ እንደሚላቸው እርግጠኛ ነኝ።

ጋሼ ከክፍል ማስታወሻዎቻቸው የተወሰኑትን ለልጃቸው አስረክበዋል፤ አንዳንዶቹ ግን ለተማሪ ውሰው የቀሩ ናቸው። ሰማያዊ ሽፋን ያለው፣ በጀርባው በቀይ እስክሪብቶ «የጎጃም ነገሥታት» የተባለው ደብተር በእጁ ያለ ሰው፣ እባክህ ወይም እባክሽ አሳውቁኝ፤ ለመገልበጥ ነው፣ አልወስድባችሁም። ግቢያቸው ይማሩ የነበሩት ልጆች ዛሬም ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣሉ፣ እምባቦ ላይ ደርሰናል፤ የሚቀጥለውን ትምህርት ከዚያ ደብተር ላይ ባስተምራቸው እወዳለሁ።

መልካም የድል በዓል፣ መልካም የጾም ወራት ይሁንላችሁ።