የክላርክስተን የሰመር ምሳና ይሉኝታችን

የጆርጂያ ትምህርት ቤቶች በሜይ ማብቂያ ተዘግተው በኦገስት መጀመሪያ እስኪከፈቱ ድረስ ባሉት አሥር ሳምንታት ገደማ፣ የሰፈራችን ልጆች በትምህርት ቤት ያገኙት የነበረው ቁርስና ምሳ ይቋረጣል። እዚህ ከመምጣቴ በፊት ይህን ነገር አስቤው አላውቅም ነበር። ባደግሁበት በጎጃም ገጠር ክረምት ጎተራ የሚጎድልበት፣ አዲሱ እህል እስኪደርስ ድረስ በጥንቃቄ የሚኖርበት ጊዜ ስለሆነ ሐምሌና ነሐሴ ከባድ ወራት መሆናቸውን ሁሉም ያውቃል። በአሜሪካ ምድር፣ ሱቁ ሁሉ ሞልቶ በተረፈበትና ፀሐይ አናት በምትበሳበት ወቅት ግን ልጅ ምሳ ያጣል ብዬ እንዴት ልገምት? የሁለቱ አገሮች አስቸጋሪ ወራት መገጣጠማቸው እስከ ዛሬ ያስገርመኛል።

ክላርክስተን ከአትላንታ መሀል ከተማ በስተምሥራቅ፣ በዲካልብ ካውንቲ ውስጥ፣ በባቡር ሐዲድ ዳር የተቆረቆረችና በ1882 የከተማነት ሕጋዊ እውቅና ያገኘች ትንሽ ከተማ ናት (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የቀድሞ ነዋሪዎቿ አንጎራ የሚባለውን ባለ ረጅም ጸጉር ፍየል ያረቡ እንደነበር ይነገራል፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቷ የስፖርት ቡድኖችም እስካሁን የሚጠሩት በዚሁ ስም ነው። የነጮች የበላይነት አራማጅ የሆነው ኩ ክለክስ ክላን በ1915 እንደ አዲስ የተመሠረተበት የስቶን ማውንቴን ተራራ ከዚህ በጥቂት ማይሎች ርቀት ላይ ይገኛል። በዚያው ተራራ ጥላ ሥር፣ ነባሮቹ ተከራዮች የለቀቋቸው አፓርትመንቶች ከ1980ዎቹ ጀምሮ ለስደተኞች መስፈሪያ ሆኑና ቬትናማውያን፣ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን፣ ሶማሌዎች፣ ቦስኒያውያን፣ ከቡታን የተባረሩ ኔፓልኛ ተናጋሪዎች፣ ከበርማና ከኮንጎ የተሰደዱ፣ በኋላም ሶርያውያንና አፍጋኖች ተራ በተራ መጡ። በ2020 በተደረገው ቆጠራ የነዋሪው ቁጥር ከ14 ሺህ 700 ያለፈ ሲሆን፣ ይህ ሁሉ ሕዝብ የሚኖረው ሁለት ስኩዌር ማይል በማይሞላ መሬት ላይ ነው።

ሰመር በዚህች ከተማ ሥራ የሚበዛበት ወቅት ነው። ጁን 19 ቀን በ1865 በቴክሳስ ጋልቬስተን የነበሩ ባሮች ነፃነታቸው የታወጀበት ጁንቲንዝ ይከበራል፤ በማግሥቱ ጁን 20 የዓለም የስደተኞች ቀን ስለሆነ ሁለቱ በዓላት በእኛ ሰፈር እንደ አንድ በዓል የተያያዙ ናቸው። ከዚያ ጁላይ 4 ይመጣል። በዚያ ሳምንት ግን የሐበሻ በጎ ፈቃደኛ ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ ምክንያቱም ከ1984 ጀምሮ ከከተማ ከተማ እየተዘዋወረ የሚካሄደው የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ውድድር ከዚሁ ጊዜ ጋር ስለሚገጥም ወጣቶቻችን ሻንጣቸውን ይዘው ይሄዳሉ። ልጆች በሚላም ፓርክ መዋኛ ይውላሉ፤ ቀድሞ ነዳጅ ማደያ በነበረው ቦታ ላይ የሚገኘውና ለስደተኞች የሥራ ሥልጠና የሚሰጠው ሬፊውጅ ኮፊም ቅጥር ግቢው ሰው አያጣም። በዓላቱ ያስደስቱኛል። የተነሣሁት ግን ስለ ምሳው ልጽፍ ነው፤ በዓል በአንድ ቀን ያልፋል፣ ምሳ ግን በየቀኑ ያስፈልጋል።

የሰመር ምሳ መርሐ ግብር በአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ገንዘብ የሚካሄድ ሲሆን የተጀመረው በ1968 ነው። ቢያንስ ግማሹ ልጆች በትምህርት ቤት ነፃ ወይም ቅናሽ ምሳ የማግኘት መብት ባላቸው አካባቢ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ ቤተ መጻሕፍት ወይም የአፓርትመንት ግቢ የምሳ ጣቢያ ሆኖ ሊከፈት ይችላል። እንዲህ ባለው ክፍት ጣቢያ ዕድሜው ከ18 ዓመት ያልበለጠ ማንኛውም ልጅ መጥቶ ይበላል፤ የወላጅ ገቢ አይጠየቅም፣ መታወቂያ አይታይም፣ የመኖሪያ ወረቀት የሚባል ነገርም አይነሣም። በአስተናጋጇ እጅ ያለው ወረቀት ከአንድ ጀምሮ በተርታ ቁጥር የታተመበት ሲሆን፣ አንድ ልጅ ምሳውን በተቀበለ ቁጥር አንድ ቁጥር ትሰርዛለች። የሚቆጠረው ምሳው ነው፤ የልጁ ስም ወረቀቱ ላይ የለም። ይህን በአማርኛ ያስረዳኋቸው እናቶች ብዙ ናቸው፤ ስጋታቸው ረሃቡን የሚያስረሳ ሆኖ ሳየው ያሳዝነኛል።

እኔ ራሴ ይህን ሁሉ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። የመጀመሪያው ሰመራችን ላይ እኔና ባለቤቴ ሰሜን ጆርጂያ በሚገኝ የዶሮ ማቀነባበሪያ ፋብሪካ እንሠራ ነበር፤ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት የሠራተኞች ቫን ደጃችን ድረስ መጥቶ ይወስደናል፣ የምንመለሰውም ከሰዓት በኋላ ደክመን ነው። ሦስቱን ልጆች የምትጠብቀው እናቴ ነበረች። ከምንኖርበት ሕንፃ ፊት ለፊት፣ በዛፍ ጥላ ሥር በተዘረጋ ጠረጴዛ ላይ በየቀኑ ምሳ ይታደላል፤ የእኔ ልጆች ግን ሌሎቹ ሲበሉ በመስኮት ያዩ ነበር። እናቴ «የሰው ደጅ አይጠናም፤ ቤታችን ውስጥ ሽሮ አለ» ብላ ከልክላቸዋለች። ሽሮ በርግጥ ነበር፤ በወሩ መጨረሻ ግን እሱም አልቆ ዳቦ በሻይ የሚበሉባቸው ቀናት እንደነበሩ ትልቋ ልጄ የነገረችኝ ከዓመታት በኋላ ነው።

በመጨረሻ የእናቴን ልብ ያለሰለሰችው ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት አዛውንት ጥቁር አሜሪካዊት ናቸው። በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ልማድ ታላቅን ሴት በስሟ ብቻ መጥራት ነውር ስለሆነ ሁሉም ከስማቸው በፊት «ሚስ» እያለ ይጠራቸዋል፤ እናቴም ነገሩ ወዲያው ገብቷት «እትዬ ማለታቸው ነው» ብላኛለች። እኒህ እናት አንድ ቀን ከጓሯቸው የቀጠፉትን አንድ እቅፍ ኮላርድ ይዘውልን መጡ። እናቴ ቅጠሉን አገላብጣ አየችውና «ጎመን ነው!» አለች። እሳቸው ከተጨሰ የአሳማ ሥጋ ጋር ለሰዓታት ይቀቅሉታል፤ እናቴ ደግሞ በዘይት፣ በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ ሠርታ በማግሥቱ በሣህን መልሳ ላከችላቸው። ባዶ ሣህን አይመለስም የሚለው ልማድ እዚያም ቤት እንዳለ ያወቅነው ያን ጊዜ ነው። ቋንቋ ሳይግባቡ እንዲህ ሲቀባበሉ ከቆዩ በኋላ፣ አዛውንቷ አንድ ቀን የልጆቼን እጅ ይዘው ወደ ጠረጴዛው ሲሄዱ እናቴ ዝም አለች።

ሆኖም የመጀመሪያው ቀን በእንባ አለቀ። የመርሐ ግብሩ ደንብ ልጆች ምሳውን እዚያው ተቀምጠው እንዲበሉ ያዛል፤ ለልጅ የተሰጠውን ምሳ አዋቂ ሊበላው አይፈቀድም። ትንሹ ልጄ ይህን ከየት ያውቃል? ሳንድዊቹን ገመሰና ከጎኑ ለቆመችው አያቱ ጉርሻ ዘረጋ። አስተናጋጇ ፈገግ ብላ፣ በትሕትና፣ እጇን በመሀል አስገብታ አስቆመችው። ልጅቱ ጥፋት የለባትም፤ ተቆጣጣሪ መጥቶ አዋቂ ሲበላ ካየ ለጣቢያው ችግር ነው። ለእናቴ ግን ከዚያ የበለጠ ውርደት አልነበረም፤ የልጅ ልጇን ጉርሻ እንደ ሌባ የተነጠቀች ሆኖ ተሰማት። «እንብላ» የማይባልበት ማዕድ ማዕድ አይደለም ብላ ልጆቹን ይዛ ገባችና ለሁለት ሳምንት ያህል አልተመለሰችም።

ስለዚህ ጉዳይ ብዙ አስቤአለሁ። ሕዝባችን ኩሩ ነው፣ ተቸግሮም አይጠይቅም እየተባለ የሚነገረውን እንደ ሙገሳ የሚወስዱት ብዙዎች ናቸው። ለእኔ ግን ነገሩ እንደዚያ ብቻ አይመስለኝም። እኛ እኮ ከሌላ ሰው እጅ ስንበላ ነው የኖርነው። በዕድር ድንኳን ውስጥ የሚበላ ሰው ራሱን እንደ ተመጽዋች የማይቆጥረው ወርኃዊ መዋጮውን ስለከፈለና በሌላው ሐዘን ቀን ድንኳኑን የተከለው፣ ውኃውን የቀዳው እሱ ራሱ ስለሆነ ነው። በሰንበቴም ተራው ሲደርስ ደግሶ ያበላል። እኛን የሚያስጨንቀን መቀበሉ ሳይሆን የምንመልስበት ተራ መጥፋቱ ነው፤ ተራው የሌለበት እርዳታ የቱንም ያህል በደግነት ቢሰጥ ይሉኝታችንን ይቀሰቅሰዋል።

በሌላ በኩል ያየሁት ደግሞ ይህንኑ ያጠነክርልኛል። በዚያው ዓመት ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል፣ ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ቡድን የደብተርና የቦርሳ እደላ አዘጋጅቶ ነበር። ከሁለት ሰዓት በላይ በፀሐይ ከተሰለፍን በኋላ ልጆቹ ቦርሳውን አንግተው በሰጪዎቹ መካከል ቆመው ፎቶ እንዲነሡ ተደረገ፤ ማንም ፈቃዳችንን አልጠየቀም። ትልቋ ልጄ ፎቶዋን ክፍል ውስጥ አንድ ተማሪ በስልኩ ሲያሳይ ካየች ወዲህ ያንን ቦርሳ አልያዘችም። ቦርሳው ጥሩ ነበር፤ በውስጡም እርሳስ፣ ማስመሪያና ሙጫ ነበረበት። ለመስጠት የምታስቡ ሁሉ ይህን አንድ ነገር ብቻ እንድታስቡልኝ እለምናችኋለሁ፦ ልጁ ነገ ከእነዚያው ልጆች ጋር አንድ ክፍል ይቀመጣል።

ወደ ምሳው ልመለስ። መላ የተገኘው ከራሳቸው ከእናቶቹ ነው። ደንቡ አዋቂ የልጆቹን ምሳ እንዳይበላ ይከለክላል እንጂ አዋቂዎች በራሳቸው ወጪ ጎን ለጎን የየራሳቸውን ማዕድ እንዳይዘረጉ የሚከለክል ነገር እንደሌለበት አስተባባሪዎቹን ጠይቀን አረጋገጥን። ከዚያ በኋላ በየዓርቡ ሁለተኛ ጠረጴዛ ተዘረጋ። እናቴ ጀበናዋን በትንሽ የጋዝ ምድጃ ላይ ጥዳ ቡና ታፈላለች፣ ቆሎ በሰፌድ ታቀርባለች፤ ከበርማ የመጣች ጎረቤታችን ሻይ ታመጣለች፤ ሶማሌዋ ሳምቡሳ ትጠብሳለች፤ «ሚስ» የሚባሉት አዛውንት ደግሞ የበቆሎ ዳቦ ይጋግራሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ እናቴ ምሳ ጣቢያው ላይ ቀርታ አታውቅም። ስለ ምሳው ስታወራም ጨርሶ «እርዳታው» አትልም፤ «ቡናዬ» ነው የምትለው። ከእሷ በኋላ በመስኮት ያዩ የነበሩ የሌሎች ሐበሾች ልጆችም መውረድ ጀመሩ።

ከጣቢያው ነገሮች ሁሉ ይበልጥ የምወደው ግን በጠረጴዛው ጫፍ ያለችውን ሰማያዊ የፕላስቲክ ሳጥን ነው። የማካፈያ ሳጥን ይሏታል። አንድ ልጅ ከምሳው ያልፈለገውን፣ ያልተከፈተ ወተት ወይም ያልተነካ ፍራፍሬ ከሆነ፣ እዚያ ያኖረዋል፤ የፈለገ ሌላ ልጅ ያነሣዋል። ትልቋ ልጄ ረቡዕና ዓርብ ትጾማለች። ሕጉ በምሳው ውስጥ ወተት እንዲኖር ስለሚያዝ ወተቱ ይሰጣታል፤ እሷም ሳትከፍተው ሳጥኗ ውስጥ ታኖረዋለች። ከበስተኋላዋ የቆመ አንድ አፍጋናዊ ልጅ ቀኑን ያጠናው ይመስለኛል፤ ረቡዕ ሲሆን ሁለት ወተት እንደሚያገኝ ያውቃል፣ በምትኩም ፖሙን ያኖርላታል። ማንም ሳያዝዛቸው፣ ስም ሳይጠያየቁ አንድ ሙሉ ሰመር እንዲህ አሳለፉ።

አሁን ችግር የለም ማለቴ አይደለም። በኮቪድ ጊዜ ደንቡ ላልቶ ወላጆች ምሳውን ወደ ቤት ይወስዱ ነበር፤ ያ ከቆመ ወዲህ መኪና የሌላቸውና ሕፃናት ያሉባቸው እናቶች በዚህ የጁላይ ሙቀት ትልልቅ መንገዶችን ተሻግረው ልጆቻቸውን ማምጣት ይከብዳቸዋል። ቅዳሜና እሑድ ጣቢያችን ዝግ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ምሳው ትምህርት ከመከፈቱ ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀድሞ ይቆማል፤ ያችን ክፍት ሳምንት የሚሸፍናት የጎረቤት ማሰሮ ብቻ ነው። አማርኛ የምታነቡ የአትላንታ አካባቢ ነዋሪዎች ሁለት ነገር ልትረዱን ትችላላችሁ፤ በሥራ ቀን ሁለት ሰዓት ያላችሁ መጥታችሁ አስተርጉሙ፣ ምግብ የሚያስፈልጋቸውን ደግሞ በስልክ 211 እንዲደውሉ ንገሯቸው። ይህ የእርዳታ መጠቆሚያ ቁጥር በአገሪቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ የጀመረው እዚሁ አትላንታ በ1997 ስለሆነ ጥሪው ስልኩን ለሚያነሡት አዲስ ነገር አይሆንባቸውም።

ነገ የዚህ ሰመር የመጨረሻው ዓርብ ነው። እናቴ ገብሱን ትናንት ማታ ለቅማ አዘጋጅታለች፤ ዛሬ ሥራ ውዬ ስገባ ቤቱ ቆሎ ቆሎ ይሸታል። የጎረቤታችን ሣህን ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ ነገ ጠዋት ጎመን ተጨምሮበት ወደ ባለቤቱ ይመለሳል።