የበዓል ስኳር፦ ማንኪያውን ለእንግዳው መስጠት

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ቤት ለቤት የምዞር የጤና ባለሙያ ነኝ። ከእንቁጣጣሽ እስከ ፋሲካ ባለው ጊዜ በማውቃቸው ጥቂት ቤተሰቦች ዘንድ አንድ ነገር ስሞክር ከረምኩ። የበዓል ስኳራቸውን ማስቀነስ። እንደኔ ደጅ ለደጅ ለምትዞሩ የሥራ ባልደረቦቼ የት ላይ እንደያዘልኝ፣ የት ላይ እንደተንገራገጨ ላካፍላችሁ።

ቁጥሩን ቶሎ ልበለው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ፣ ምግብና መጠጥ ላይ የሚጨመር ስኳር በቀን ከምናገኘው ኃይል ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል። ከ5 በመቶ በታች ቢወርድ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው ይላል። ለአንድ አዋቂ ሲሰላ 50 ግራም እና 25 ግራም ገደማ ነው። ሰው ቤት ገብቶ "በመቶ" እያሉ ማውራት ግን ትርፉ ድካም ነው። እኔ 12 የሻይ ማንኪያ፣ ቢቻል 6 ነው የምለው። ማንኪያ የማያውቅ የለም።

እስኪ የእኛን የበዓል ቡና በዚያው ማንኪያ እንስፈረው። ቡና አፍዪዋ ስኳሩን አስቀድማ ሲኒው ውስጥ ታደርጋለች። ቡናው ከላይ ይቀዳል። ሁለት ሁለት ማንኪያ ብንል፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሲጠጣ 6 ማንኪያ ሞላ። ወደ 24 ግራም ነው። ይኼ እንግዲህ አንድ ቤት ነው። በበዓል ቀን አንድ ቤት ብቻ ቡና ጠጥቶ የሚመለስ ማን አለ? ለስላሳው ገና አልተከፈተም።

ስለ በዓል ስኳር ሲወራ ሁሉም ጣቱን ኬክ ላይ ይቀስራል። እኔ በምዞርበት ሰፈር ግን ኬክ በዓመት ስንቴ ይገዛል? ለልደት፣ ምናልባት ለአዲስ ዓመት። ስኳሩ ያለው የሚጠጣው ላይ ነው። ቡናው፣ ሻይው፣ ለስላሳው፣ ብርዙ። ስለዚህ ኬኩን ተውኩት።

ለእንቁጣጣሽ ሰሞን ስዞር ስለ በሽታ ነበር የማስተምረው። ጥርስ፣ ውፍረት፣ ስኳር በሽታ። ሰዎቹ በአክብሮት ይሰሙኛል፣ "እውነትሽን ነው ሲስተር" ይላሉ። በዓሉ ሲደርስ ሁሉም እንደነበረ ነው። ነገሩን ያስረዱኝ አንዲት እናት ናቸው። "ታዲያ እንግዳየን መራራ ላጠጣው?" አሉኝ።

ስኳር እኮ ከሸማቾች ማኅበር ተሰልፎ የሚገዛ ነገር ነው። ሲገኝ "ለበዓል ይሁን" ተብሎ ይቀመጣል። ያንን ስኳር ለእንግዳ አለመቆጠብ ክብር ነው። መቀነስ ደግሞ ስስት ያስመስላል። በዚህ ላይ እኔ ሄጄ ስለ ጣፊያና ስለ ኩላሊት ባወራ ምን ዋጋ አለው? የሴትዮዋ ጭንቀት ጎረቤት ምን ይላል የሚለው ነው። ከዚያ ወዲህ ሥራዬ የቤቱን እመቤት ከዚህ ሐሜት ማዳን ሆነ።

መስቀል ላይ የጀመርነው በጣም ቀላል ነገር ነው። ስኳሩ ሲኒ ውስጥ አስቀድሞ አይገባም። ከነዕቃው፣ ከነማንኪያው ረከቦቱ አጠገብ ይቀመጣል፣ እስከ አፉ ሙሉ ሆኖ። ሙሉ መሆኑ ወሳኝ ነው፤ ጎደል ካለ ስስት ይሆናል። ባለቤቷ "ስንት ላድርግልዎ?" ትላለች። ወይም ማንኪያውን ለእንግዳው ትሰጣለች። ለካ ስንቱ ሰው ሁለት ማንኪያ የሚጠጣው ስለሚደረግለት ኖሯል! ሲጠየቅ "አንድ ይበቃኛል" የሚለው ብዙ ነው። ምርጫው የእንግዳው ስለሆነ ማንም ማንንም አያማም። ሦስት የሚለውም አለ፣ ይደረግለታል።

ቡናው ላይ ጤና አዳም ጣል ማድረግም ረድቶናል። ጓሮ የሌለው ቤት ከጎረቤት ይቀጥፋል። መዓዛው ሲመጣ ሰው ስለ ስኳሩ ይረሳል። "እንደ ድሮው ጨው እናድርግበት" ያሉኝ አንድ አባት አሉ። እሱን እንኳ ይተዉት አልኳቸው። የጨው ገደብም በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፣ የበዓሉ ወጥ ብቻውን ይበቃዋል።

ሻይው ትንሽ አስቸግሯል። ብዙ ሰው ሲጠራ ሻይ በትልቅ ድስት ይፈላል፣ ስኳሩም አብሮ ይገባል። ያኔ እንግዳው ምርጫ የለውም። ስኳሩን ከድስቱ አውጥተን ቀረፋና ቅርንፉዱን ጨመር አድርገን ረዘም ላለ ጊዜ አፈላነው። ቀረፋ በደንብ ሲፈላ ራሱ ጣፋጭ ጣፋጭ ይላል። ቤተሰቡ ለራሱ ሲሆን ደግሞ ቀስ በቀስ ነው። ከሁለት ማንኪያ ወደ አንድ ተኩል፣ ከዚያ ወደ አንድ። ምላስ ይለምዳል፣ ጥቂት ሳምንት ይፈልጋል። በአንድ ቀን "ከዛሬ ጀምሮ ያለ ስኳር" ያለ አባወራ በሦስተኛው ቀን ድርብ አድርጎ ሲጠጣ አይቻለሁ።

ገና ሲደርስ ወደ ለስላሳው ዞርን። እዚህ ላይ ከንግግር ይልቅ ሲሠራ ያየሁት አንድ ባዶ ጠርሙስ ነው። የታጠበና በደንብ የደረቀ ባለ 300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ አመጡልኝ። ወረቀት ጠቅልዬ አፉ ላይ ሰካሁና ልጆቹን ስኳር በሻይ ማንኪያ እየቆጠራችሁ ጨምሩ አልኳቸው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አራተኛው ላይ አያታቸው "በቃ በቃ" አሉ፣ ስኳሩ ያለቀባቸው መስሏቸው። አላቆሙም፣ እስከ 8 ሄዱ። የመደበኛ ኮላ ስኳር እንደዓይነቱ ትንሽ ቢለያይም በዚያ መጠን ጠርሙስ 30 ግራም አካባቢ ነውና ወደ 8 የሻይ ማንኪያ ይጠጋል። ጠርሙሱን ብርሃን ላይ አንስተው ሲያዩት ታቹ በነጭ ተሞልቷል። አያትየዋ "ይኼን ሁሉ አንድ ልጅ?" ብለው ዝም አሉ። ስኳሩን ወደ ዕቃው መልሱ። አንዲት ፍሬ መሬት ላይ ብትፈስ ትምህርቱ ጠፍቶ ስለ ብክነት ይወራል።

የለስላሳው ዋና ችግር ግን "በሞቴ" ነው። "በሞቴ አፈር ስሆን፣ አንድ ድገም!" ጎጃም ውስጥ በሞቴን ማስቀረት አይቻልም፣ እኔም አልሞከርኩም። አቅጣጫውን ማዞር ግን ይቻላል። በሞቴው ወደ ዳቦው፣ ወደ ቆሎው፣ ወደ ዶሮው ይሂድ። ከአንዳንዶቹ ጋር አንድ ሰው አንድ ጠርሙስ፣ ከዚያ በኋላ ውኃ ብለን ተስማማን። ውኃው በጆግ ሆኖ ሎሚ ተቆርጦበት ሲቀርብ ድሃ ቤት አያስመስልም። አቀራረቡ ነው ዋናው።

አንድ ባለሱቅ ስኳር አልባውን ለስላሳ በሳጥን ሊያመጣ ነበር። ለአንድ ቀን ምንም አይደለም። ሆኖም የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ክብደት ለመቆጣጠር ተብሎ ስኳር ባልሆኑ ጣፋጭ ማድረጊያዎች ላይ መንተራስን አልመከረም። ምላሱም እንደዚያው ጣፋጭ እንደለመደ ይቀራል።

አሁን ወደ ማር። ጎጃም ተቀምጦ ማርን "ስኳር ነው" ማለት ጠብ መፈለግ ነው። "ማር እኮ መድኃኒት ነው" ይሉኛል፣ ልክ እንደ ሰደብኳቸው። ማር ከክብደቱ 80 በመቶ አካባቢ ስኳር ነው፣ ቀሪው በአብዛኛው ውኃ። በዓለም ጤና ድርጅት አቆጣጠርም ሊቀነስ ከሚገባው ውስጥ ይመደባል። ጭማቂም እንደዚያው። ይኼን ስናገር ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ። ብርዙን ተዉ አልልም። በትልቅ ብርጭቆ የሚቀዳውን በብርሌ አድርጉት፣ ለልጆች ደግሞ አቅጥኑት ነው የምለው። ብርሌ ለብርዝ ያምራል፣ ማንም አልተቃወመኝም። ድምፄን ከፍ የማደርግበት አንድ ቦታ አለ። ዓመት ያልሞላው ሕፃን ማር አይቀምስም፣ በጣትም ቢሆን። ከማር ሊመጣ የሚችል ቦቱሊዝም የሚባል መመረዝ ሕፃን ሊገድል ይችላል።

ድፎ ዳቦው ላይ ብዙ አልደከምኩም። አሁን አሁን ሊጡ ላይ ስኳር የሚጨምሩ አሉ፣ "እንዲነሳ" ይላሉ። እርሾ ከዱቄቱ ራሱ የሚበላውን ያገኛል፣ ጊዜ ብቻ ስጡት። ጥቁር አዝሙድና ድምብላል ያለበት፣ በኮባ ቅጠል የተጋገረ ዳቦ ምን ጎደለው?

ለጥምቀት ወደ ባሕር ዳር የወረዱት ቤተሰቦች የአቮካዶ ጭማቂ ጠጥተው መጡ። ሜጫ ላይ በቆጋ መስኖ ያ ሁሉ አቮካዶ እየተመረተ ደስ ይላል። ፍሬው ራሱ ስኳር የለውም ማለት ይቻላል። ጣፋጩ ጭማቂ ቤቱ የሚጨምረው ነው። "ያለ ስኳር፣ በሎሚ" ብሎ ማዘዝ ይቻላል።

ስኳር በሽታ ያለበት ሰው ካለ ጠንቀቅ በሉ። አንድ ቤት አባትየው ኢንሱሊን ይወጋሉ። ልጆቻቸው በቅንዓት ስኳሩን ከቤት ጠራርገው አስወጡት። መልሱ አልኳቸው። መድኃኒቱን ወስደው ምግብ ቢዘገይባቸው ስኳራቸው ይወርዳል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ መደናገር ሲመጣ ወዲያው 15 ግራም ስኳር፣ ወደ 4 የሻይ ማንኪያ፣ በውኃ በጥብጦ መስጠት ያስፈልጋል። በበዓል ቀን ደግሞ ቅዳሴ አለ፣ ዶሮው ይዘገያል፣ ሰዓት ይዛባል። በተለይ ፋሲካ ሌሊት። ስለዚህ ስኳሩ የታወቀ ቦታ ይቀመጥ፣ ቤተሰቡ ሁሉ ይወቀው። የመድኃኒቱን መጠን ደግሞ ከሐኪም ጋር ይነጋገሩበት እንጂ በእኛ ምክር እንዳይነካኩት።

ፋሲካ ራሱ ከሁሉም ቀለለኝ። ከዶሮው በፊት ሆድ ለማለስለስ ተልባ ይጠጣል። ማር የሚያደርጉበት አሉ፣ ያለ ማርም ይጠጡታል። ሌሊት የተራበ ሰው ጣፋጭ ጎደለ ብሎ አይከራከርም።

ከረሜላ ላይ ግን አልተሳካልንም። እናትየው ብትጨክን እንግዳው በኪሱ ይዞ ይመጣል። አጎት ነው፣ ምን ይባላል? እንቁጣጣሽ ላይ ለሚዘፍኑት ልጆች ዳቦ ወይም ሳንቲም የሚሰጡ ቤቶች አሉ፣ እሱን ማበረታታት ነው። ለቡሄም ሙልሙሉ እያለ ከረሜላ ምን ያደርጋል?

የቀረኝ ክርስትና ነው። እዚያ ለስላሳውን የሚያመጣው ባለቤቱ ሳይሆን የተጠራው ዘመድ ነው፣ ሳጥን በሳጥን ላይ ይደረደራል። አንዲት አራስ ጎረቤቶቿን "ሳጥኑ ይቅርና ቡና አምጡልኝ" ልትላቸው አስባለች። ያልተፈጨ፣ ያልተቆላ፣ በኪሎ። ቡና ያዘለ እንግዳ ባዶ እጁን መጣ አይባልም፣ ለእሷም ለአራስ ጠያቂው ሁሉ ይሆናታል። የክርስትናውን ቀን እየጠበቅን ነው። ሌላ ቦታ የሞከረው ካለ ቀድሞ ይንገረኝ።