«አንዱን ዝጊ፣ አንዱ ይተንፍስ»

ፕሪንተሩ ተጠግኗል፤ ወጪውም ተረስቷል። በስልክ የተናገርኳት አንዲት ዓረፍተ ነገር ግን እስካሁን ትቆረቁረኛለች።

ክፍላችን ውስጥ ያለው ኢንክጄት ቀኑን ሙሉ ሲያትም ነው የሚውለው። ካርትሪጆቹ፣ ማለትም የቀለም መያዣዎቹ፣ የሚሞሉ ናቸው፤ ግማሹ ስፖንጅ፣ ግማሹ ቋት የሆነው ዓይነት። ሞልቶ የሚያውቅ ሰው ጣጣውን ያውቀዋል። የመሙያው የጎማ ክዳን ከትንሽ ጣት ጥፍር አትበልጥም። አልነቀል ብላ ታታግልሃለች፤ ስትነቀል ደግሞ ተፈናጥራ ትጠፋለች። እጅህ ሰማያዊ ሆኖ ይውላል። በሳምንት ሦስት አራት ጊዜ እንዲህ መሆን ሰለቸኝ።

አንድ ቀን ከሥራ በኋላ ቁጭ ብዬ አሻሻልኩት። መጀመሪያ ሳያኑን፣ ሰማያዊውን፣ ነው የሠራሁት። ቀለሙን አውጥቼ አጠብኩት። ከዚያ የመሙያውን ቀዳዳ በመሰርሰሪያ ጫፍ በእጄ እያዞርኩ አሰፋሁት። ማሽኑን አልተጠቀምኩም፤ ፍጥነቱ ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል። ካርትሪጁንም ገልብጬ ከታች ወደ ላይ ነው የሰረሰርኩት፤ ፍቅፋቂው ወደ ውስጥ እንዳይገባ። ቀዳዳው ላይ የመርፌ መድኃኒት ብልቃጥ የሚዘጋበትን ጎማ አጥብቄ አስገባሁ። በጎማው መሃል ደግሞ አጭር፣ ቀጭን ቱቦ አሳለፍኩ። ሲሪንጁ ያለ መርፌ ቱቦው ላይ ልክክ ይላል። ሞልቼ ስጨርስ ቱቦውን በትንሽ ብሎን እዘጋዋለሁ።

ደስ ሲል! አንድ ደቂቃ አይፈጅም። እጅ አይነካም። ለሦስት ሳምንት አንዲት ጠብታ አላፈሰሰም። ያን ጊዜ ኮርቼበታለሁ፤ አሁንም እኮራበታለሁ።

የእነዚህ ካርትሪጆች ነገር ያለው አየሩ ላይ ነው። በስፖንጁ በኩል ከላይ አንዲት ትንሽ የአየር ቀዳዳ አለች። ቀለሙን ወረቀት ላይ የሚረጨው ሄድ ከስፖንጁ ቀለም ሲስብ አየር በዚያች ይገባል። ከታች ባለው መተላለፊያ አረፋ እየሆነ ወደ ቋቱ ይወጣል፤ በገባው አየር ልክ ቀለም ወደ ስፖንጁ ያልፋል። ይህ የሚሆነው ግን ቋቱ ከላይ ድፍን ሲሆን ብቻ ነው። ቋቱ ተከፍቶ ከተተወ ቀለሙን የሚይዘው ነገር የለም። ስፖንጁ እስኪጠግብ ይጠጣል፤ ሲጠግብ በሄዱ በኩል ይንጠባጠባል።

ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ለማንም ግን አልነገርኩም። የሚሞላው እኔ ብቻ ስለነበርኩ መንገር የሚያስፈልግ አልመሰለኝም።

ፈቃድ በወጣሁ በሁለተኛው ቀን የሥራ ባልደረባዬ ደወለችልኝ። ሰው መሃል ነበርኩ፤ ቶሎ መጨረስ ፈልጌያለሁ።

«ሳያኑ አልቋል። ይቺን አንተ የሠራሃትን እንዴት ነው የምሞላት?»

«በጣም ቀላል ነው። በቱቦው ሙዪው።»

«እሺ። ግን ሁለት ቀዳዳ አለው እኮ። ሁለቱንም ልዝጋቸው?»

«ኧረ አይሆንም! አንዱን ዝጊ፣ አንዱ ይተንፍስ።»

ትንሽ ዝም አለች። ያቺን ዝምታ አሁን ድረስ እሰማታለሁ። «የቱን?» ልትለኝ እንደነበረ አውቃለሁ። ድምፄ ውስጥ ጥድፊያውን ሰምታ ተወችው። «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብላ ዘጋችው።

እሷ ዝም ብላ የምትሠራ ሰው አይደለችም። አስባበታለች። አንደኛው ቀዳዳ ላይ ቱቦ ቆሟል፤ ቱቦ ደግሞ የአየር ማስገቢያ ይመስላል። ለሌላኛው መሳቢያው ውስጥ ልክክ የሚልለት የፋብሪካ ክዳን አገኘች። ያቺ ክዳን ካርትሪጁ አዲስ ሲመጣ የአየር ቀዳዳውን ይዛ የምትመጣው፣ ፕሪንተሩ ላይ ከመግጠምህ በፊት የምትነቅላት ናት። ብሎኗን እኔ የዘጋሁባት መሆኑን ማን ይነግራታል? ጠረጴዛ ላይ የወደቀች ተራ ብሎን ናት። እኔም በእሷ ቦታ ብሆን እንደዚያው ነበር የማደርገው። መተንፈሻውን ደፍና ቋቱን ክፍት አድርጋ ወደ ቤቷ ሄደች።

ሌሊቱን ሙሉ ፈሰሰ። ጠዋት ስታትም ቢጫው አረንጓዴ ሆኖ ወጣ። ሳያኑ የሄዱን ፊት አጥለቅልቆ ቢጫው በሚረጭበት ቀዳዳ፣ በኖዝሉ፣ ውስጥ ገብቷል። ቆይቶ ደግሞ ሰማያዊው ጨርሶ ጠፋ። ስክሪኑ ግን «ሙሉ ነው» ይላል። ቺፑ ቀለሙን አያየውም፤ የተረጨውን ጠብታ ነው የሚቆጥረው። የፈሰሰውን አያውቅም። እሷ ስክሪኑን አምና «ተደፍኖ ይሆናል» ብላ ማጽጃውን ደጋግማ አስኬደችው። የእኛ ፕሪንተር ቀለሙን በሙቀት አፍልቶ የሚረጭ ነው። ኖዝሉን የሚያቀዘቅዘውም ያው ቀለሙ ነው። ቀለም ሳይኖረው ሲሠራ ኖዝሉ ይቃጠላል። የሳያኑ ኖዝሎች ግማሹ በዚያ ጠዋት ሞቱ።

የተጠራው ጠጋኝ የፕሪንተሩን ክዳን ሳይከፍት «ርካሽ ቀለም ነው የገደለው» አለ። አለቃችን ደግሞ ማን እንደሞላው ጠየቀ። «እኔ ነኝ» አለች። ስለ ስልኩ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም።

በማግስቱ ተመልሼ ካርትሪጁን አነሳሁት። የአየር ቀዳዳው ላይ ክዳኑን አየሁ። ብሎኗ ጠረጴዛው ላይ ነበረች። ሌላ ምርመራ አላስፈለገኝም። ያን ቀን ግን እስከ ማታ ዝም አልኩ። «ቀለሙ ነው» የሚለው ወሬ ለእኔ ተመችቶኝ ነበር፤ እሷ ግን ሦስት ሜትር ርቃኝ አንገቷን ደፍታ ትሠራለች። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ይህ ቀን ነው።

በነጋታው ጠዋት አለቃዬ ቢሮ ገብቼ ሁሉንም ነገርኩት። አዳመጠኝና «ከዛሬ ጀምሮ ካርትሪጅ የሚበሳ እንዳላይ» አለ። እዚህ ላይ ተከራከርኩ። ቀዳዳው አላጠፋም፤ ሦስት ሳምንት ሠርቷል። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ የቱ የቱ እንደሆነ ሳልናገር። ብዙ ተመላለስን። በመጨረሻ «ስሟ የጠፋው የእሷ ነው። እሷ ይሁን ካለች ይሁን» አለኝ።

ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩና ይቅርታ ጠየቅኳት። ይቅርታውን ብዙም አላስረዘመችውም። ካርትሪጁን ከእጄ ወሰደችና «እስቲ መጀመሪያ አሳየኝ፤ የሚተነፍሰው የቱ ነው?» አለች። አሳየኋት። ቋቱን፣ ስፖንጁን፣ ከታች ያለውን መተላለፊያ፣ ሁሉንም።

«ታዲያ ይሄ አፍ ነው፤ ያኛው አፍንጫ ነው» አለች። «አፍ ሲበላ ይከፈታል፣ ሲጨርስ ይዘጋል። አፍንጫ ግን አይደፈንም።»

ማርከር አነሳችና ቱቦው ሥር «አፍ»፣ ከአየር ቀዳዳው አጠገብ «አፍንጫ» ብላ ጻፈች። ብሎኗን ጥላ ቀይ ክዳን ፈለገችለት፤ ቱቦው ላይ በክር አሠረችው፣ እንዳይጠፋ። የፋብሪካውን ክዳኖች በፖስታ ከትታ «ለጉዞ ብቻ» ብላ ጻፈችባቸው። እኔ በሦስት ሳምንት ያላሰብኩትን እሷ በአሥር ደቂቃ ጨረሰችው።

አዲሱ ሄድ የተገጠመ ዕለት ሳያኑን እሷ ሞላችው። ከታች ባለው የቀለም መውጫ ላይ መዝጊያ ክሊፑን አደረገች። ቀስ ብላ ገፋች፤ እስከ አፉ አልሞላችውም። ቀዩን ክዳን ስትጫን ውስጥ ያለው አየር ይታመቃል፤ ስለዚህ ወዲያው አላስገባችውም። ክሊፑን አንስታ ካርትሪጁን ሶፍት ላይ ይዛ ቆመች። አንድ ጠብታ ወረደ። ሁለተኛው ወረደ። ሦስተኛውን አብረን ጠበቅን፤ አልመጣም።