ቦሎቄያችን ዛሬ ተጫነ

ዛሬ አዳማ መጋዘናችን ውስጥ ቦሎቄ ስናስጭን ዋልን። ባለ 20 ጫማ ኮንቴነር ነው፤ በጅቡቲ ወደብ በኩል ባሕር ይሻገራል።

ሰው የሚያወራው ስለ ዶላር ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ እርጥበት ነው። መርከቡ ከሞቃት አገር ወደ ቀዝቃዛ ሲሄድ የኮንቴነሩ የብረት ጣሪያ ይቀዘቅዛል። ውስጥ ያለው እርጥብ አየር እዚያ ላይ ውሃ ይሆንና ጆንያው ላይ ይንጠባጠባል። ዝናብ ሳይነካው እህሉ ይሻግታል! ስለዚህ ግድግዳውን በወፍራም ወረቀት አለበስነው፤ እርጥበት የሚመጥ ከረጢትም ሰቀልን። ከዚያ በፊት ባዶው ኮንቴነር ውስጥ ገብቼ በሩን አስዘጋሁት። ብርሃን የሚያስገባ ቀዳዳ ውሃም ያስገባል።

ጫኞቹን እግዜር ይስጣቸው። በዚያ የአዳማ ሙቀት፣ ብረት ውስጥ፣ አንድም ጆንያ አልቀደዱም። ጎበዞች ናቸው።

ከዚያ ሚዛን። እንደ ፈረንጆቹ ከሐምሌ 2016 ጀምሮ ክብደቱ ያልተረጋገጠ ኮንቴነር መርከብ ላይ አይወጣም። በሩ ሲታሸግ የማኅተሙን ቁጥር ፎቶ አነሳሁ፤ ሰነዱ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት።

የገበሬው ልፋት በሰላም እንዲደርስ በጣም እጓጓለሁ። እህል ላኪ ወዳጆቼ፣ እናንተስ እርጥበቱን እንዴት ነው የምትከላከሉት? እስቲ ንገሩኝ።