ስር ነው ወይስ አበባ?

ኅዳር 14

ዛሬ ማለዳ ኦርኪድ የሚባሉትን የአበባ ተክሎች ከያዙት የወተት ጣሳዎቼ በአንደኛው፣ ከታችኛው ቅጠል ብብት የስንዴ ፍሬ የሚያህል አረንጓዴ ነገር ብቅ ብሎ አየሁ። ሻዬ እስኪቀዘቅዝ ድረስ አጎንብሼ አየሁት። የአበባ ዘንግ ከሆነ ጫፉ ጠፍጠፍ ብሎ ወደ ላይ ይቀናል፤ ስር ከሆነ ድቡልቡልና ለስላሳ ይሆናል። ይህኛው ገና ምኑንም አልለየም።

ኦርኪዶቹን የሰጡኝ እዚሁ አራት ኪሎ፣ ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ ይኖሩ የነበሩ እማማ ናቸው። ጉልበታቸው ደረጃውን እምቢ ቢላቸው በሰኔ ወደ ልጃቸው ቤት ሄዱ። አራት ጣሳ አስረከቡኝ። የየአንዳንዳቸውን ስም ብጠይቃቸው «ኦርኪድ ነዋ!» አሉኝ። አንዱም አላበበም ነበር።

ዕጽዋት ያጠናች ጓደኛዬ ቅጠሎቹን አገላብጣ ሳቀች። የኦርኪድ ወንዴና ሴቴ አካል አበባው መሐል ላይ በአንድ ዓምድ ተዋህዶ ይገኛል፤ ባለሙያ ዝርያ ሲለይ አጥብቆ የሚመረምረው እሱን ነው። «ቅጠል ይዘሽ ስም አትጠይቂኝ» አለችኝ፤ እዚሁ ሰፈራችን ባለው ብሔራዊ ሄርባሪየም፣ ደርቀው ለጥናት በተቀመጡ ዕጽዋት ማከማቻ፣ ከደረቁ ዕጽዋት ጋር ስንት ቀን የዋለች ሰው ናት።

ስም ፍለጋ ላይ ሳለሁ አንደኛውን ገደልሁት። በሐምሌ፣ ዝናቡ ሳያባራ፣ እንደ ጤና አዳም በየማለዳው አጠጣሁት። ስሩን ጫን ሳደርገው ልጣጩ እንደ እርጥብ ካልሲ ወለቀና ክር ብቻ ቀረ። ማን እንደ ነበር ሳላውቅ ቀበርሁት።

ከዚያ ወዲህ ስም መጠየቁን ትቼ ገላቸውን ማየት ጀመርሁ። አብዛኞቹ የቤት ኦርኪዶች ዘመዶቻቸው ዛፍ ላይ የሚኖሩ ስለሆኑ ስራቸው አየር ይፈልጋል፤ አፈር ያፍናቸዋል። ጣሳዎቹን በምስማር በሳሁና የከሰል ስብርባሪና የዛፍ ቅርፊት ሞላሁባቸው። ስራቸውን የሸፈነው ስፖንጅ መሳይ ልጣጭ ሲደርቅ ብርማ ይሆናል፣ ውኃ ሲጠጣ አረንጓዴ። አሁን የማጠጣው ብርማውን አይቼ ነው።

ከቀሩት ሦስት አንዱ እንደ ቄጠማ የረዘመ ቅጠልና እንቁላል የሚያህል ያበጠ ግንድ አለው፤ ውኃ የሚያጠራቅመው እዚያ ነው። ሲምቢዲየም የሚባለው የኦርኪድ ዓይነት ሳይሆን አይቀርም። ለማበብ ሌሊቱ ቀዝቀዝ እንዲል ስለሚፈልግ በረንዳ ላይ ተውሁት፤ በጥቅምት አንድ አጥንት የሚያስብለው ብርድ ለእሱ ድግስ ነው። ሁለተኛው፣ ዛሬ ያጎነበስሁለት፣ ያበጠ ግንድ የለውም፤ ሰፋፊ ቅጠሎቹ ግራና ቀኝ ተደርድረዋል። ፋሌኖፕሲስ ይመስለኛል፤ የሞቃት አገር ልጅ ነው። ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ ከመስኮቱ አንስቼ መጽሐፍ መደርደሪያው ላይ አሳድረዋለሁ።

ልቤን የወሰደው ግን ሦስተኛው ነው። እማማ ከጅማ በኩል፣ ከወደቀ የቡና ጥላ ዛፍ ላይ ከነቅርንጫፉ የመጣላቸው ነው። የቅጠሉ ጫፍ እኩል ባልሆኑ ሁለት ጆሮዎች ይከፈላል። ጓደኛዬ ይህን ስታይ ዝም አለችና «አኤራንጊስ ሊሆን ይችላል» አለች። የእኛው አገር ደን ያበቅለዋል። አበባው ነጭ ነው፤ የማር ቱቦው ረጅም፣ ሽታው የሌሊት የእሳት እራት የሚጠራ። «ሊሆን ይችላል» ያለችውን «ነው» ብዬ ለሁለት ሰው አውርቻለሁ፤ ያሳፍራል።

ታኅሣሥ 2

ለየለት። ብርማ ልጣጭ ለብሶ ጫፉ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ቀረ፤ ወደ ከሰሉ እየወረደ ነው።

ማታ እማማ ደወሉ።

«አበበልሽ ልጄ?»

«አንደኛው አዲስ ስር አውጥቷል፣ እማማ። ወፍራም ነው፣ ቢያዩት!»

«እኔ የጠየቅሁሽ ስለ አበባ ነው» አሉኝ።